ባለቤቱን ሳትጠይቅ

ማክሰኞ፣ ጥር 5

ይህን መጻፍ ትንሽ ያሳፍራል... ግን ዛሬ ደስ ብሎኛል። ለማንም አልነገርኩም። ለማን እነግራለሁ?

ቀኑ እንደ ሌላው ቀን ነበር። ጠዋት ኮፒ ቤቱን ከፈትኩ፣ ወለሉን ጠረግሁ፣ ማሽኑን አበራሁ። አቃቂ በሰቃ ከሰንበት በኋላ ሰው ይበዛል። መታወቂያ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ማመልከቻ። ማመልከቻ የምጽፈው እኔ ነኝ። ከአስረኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ ጋሽ ፈቀደ ጋ ነው የምሠራው። ሰው ጉዳዩን በአፉ ይነግረኛል፣ እኔ አሳጥሬ እጽፋለሁ። ማውራት አልችልም። መጻፍ ግን... ትንሽ እችላለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሚራክል መጣች። የአክስቴ ልጅ። ኮሌጅ ኮምፒውተር ነው የምትማረው። ከቱሉ ዲምቱ በሚኒባስ ተጋፍታ፣ ላፕቶፗን ደረቷ ላይ አቅፋ።

«ልዕሌ፣ ሥራ አምጥቼልሻለሁ።»

ኤጀንት የሚባል ነገር አለ አለችኝ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ ሥራ ሰጥተሽው ዞር ብትይ ብቻውን ይሠራል። ችግሩ፣ የጨረሰውን ፋይል ለሰው የሚያቀብልበት እጅ የለውም። ሚራክል እጁን ሠራችለት። ኤጀንቱ ፋይሉን ይሰጣታል፣ መሣሪያዋ ኢንተርኔት ላይ ታስቀምጥና ሊንክ ትመልሳለች። ሊንኩን ያገኘ ሰው ፋይሉን ይከፍታል። ለኮፒ ቤቶች ነው ያሰበችው። ኮዱ ሪፖ የሚሉት ቦታ ተቀምጧል... እንደ መጋዘን ነገር። መጋዘኑ በር ላይ አንድ ገጽ ይለጠፋል፣ መመሪያ። ኤጀንቱ መጀመሪያ እሱን ያነባል። የተጻፈለትን ያደርጋል። ያልተጻፈለትን በራሱ ይገምታል።

«መመሪያውን አንቺ ጻፊልኝ። እኔ ስጽፈው ለራሴም አይገባኝም። በአማርኛ ይሁን፣ እንግሊዝኛውን እኔ እሠራዋለሁ።»

«እኔ? አስረኛ ክፍል...»

«አቦ ተይኝ! ቅዳሜ ሳምንት ውድድር አለ። ካሸነፍኩ ሥልጠና ይወስዱኛል። ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?»

ካንቺ ሌላ ማን አለኝ... አለችኝ። እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 7

መጀመሪያ የጻፍኩትን አሳየኋት። «እባክዎ ፋይሉን ይቀበሉና...» ይላል። ሚራክል ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ለማሽን እርስዎ? ሽማግሌ ልትልኪበት ነው እንዴ!»

«ተያት» አሉ ጋሽ ፈቀደ ከወንበራቸው። «ነገ አለቃችን ይሆን ይሆናል። ከአሁኑ ብታከብረው ምን አለበት?»

በአንተ ጻፍኩት። ማንንም እንዲህ በድፍረት አዝዤ አላውቅም። ፋይሉን ተቀበል። ስሙን አትቀይር። ሊንኩን መልስ። ማዘዝ ደስ ይላል ለካ...

«ሊንክ ካላገኘህ ደግመህ ሞክር» ብዬ ነበር። ደገመ። ደገመ። ሚራክል ላፕቶፑን እስክትዘጋው ድረስ ያንኑ አንድ ማመልከቻ ሲልክ ቆየ። መቼ እንደሚተው አልነገርኩትማ። አይሰንፍም፣ አያፍርም፣ አይታክተውም። የሚያውቀው እኔ የጻፍኩለትን ብቻ ነው። ትንሽ አሳዘነኝ። ማሽን ያሳዝናል?

ቅዳሜ፣ ጥር 9

እትዬ ብዙወርቅ መጥተው ነበር። ጎረቤታችን ናቸው፣ ፋብሪካ ነው የሚሠሩት። በገና ሰሞን አንድ ማመልከቻ አጽፈውኛል። ኮፒ ቤቱ ባዶ እስኪሆን ጠብቀው፣ በሹክሹክታ። የፈረቃቸው ኃላፊ ሴቶቹን ስለሚያደርጋቸው ነገር... እዚህ እንኳን አልደግመውም። የሌሎች ሦስት ሴቶች ስምም አለበት።

ዛሬ «ላትመው?» አልኳቸው።

«ቆይ ልጄ፣ ገና ልብ አላገኘሁም። እነዚያን ሴቶች ደግሜ ላናግራቸው። እስከዚያ አንቺ ጋ ይቀመጥ።»

«እሺ።»

«ዝምተኛ ስለሆንሽ ነው ያመንኩሽ።»

ፋይሉ የሱቁ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፣ «ያልተወሰዱ» የሚለው ፎልደር ውስጥ።

ከሄዱ በኋላ ጋሽ ፈቀደን ሳያቸው ነበር። ሰው ኮፒ አስነሥቶ ዋናውን ማሽኑ ላይ ረስቶ ይሄዳል፣ ሁልጊዜ። እሳቸው ወረቀቱን ሲያነሡ ጽሑፉን ወደ ታች አድርገው ነው። አንብበውት አያውቁም። ከዚያ ለቤቱ ሁሉ ጮክ ብለው «የማን ነው?» ይላሉ። ባለቤት ካልመጣ እንደተገለበጠ መሳቢያ ይገባል። የቀጠሩኝ ቀን መጀመሪያ ያስተማሩኝ ይህንን ነው። ማሽኑን ማብራት ከዚያ በኋላ ነው ያሳዩኝ። «ኮፒ ቤት የሰው ገመና ቤት ነው» ይላሉ።

ለኤጀንቱስ ይህን ማን ይነግረዋል? ካልተጻፈለት አያውቅም። እንዲህ ብዬ ጨመርኩ፦ «ፋይሉ የማን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ባለቤቱንም ሳትጠይቅ አትላክ። መልስ ካላገኘህ ተው።»

ከጻፍኩት ሁሉ እቺን ወደድኳት።

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ጥምቀት አለፈ። ሚራክል ገጹን በስልኳ አሳየችኝ። ሪፖው ክፍት ነው፣ ማንም ገብቶ ያነበዋል። ከላይ ደግሞ «መመሪያውን የጻፈችው ልዕልት አሻግሬ» ይላል።

ከነአባቴ ስም! ፊቴ ጋለ።

«አጥፊው።»

«አላጠፋም።»

«ሚራክል፣ በእናትሽ...»

«ሰው ሥራሽን ይወቅ እንጂ! ዕድሜሽን ሙሉ ከማሽን ጀርባ ልትደበቂ ነው?»

ለእማዬ ላሳያት ብዬ ተውኩት። ብቻዬን ስንት ጊዜ ከፍቼ እንዳየሁት... ተይው።

ሐሙስ፣ ጥር 14

በሱቁ ኮምፒውተር ሞከርነው። «ማሽኔን ካላበላሸ ምን ቸገረኝ» አሉ ጋሽ ፈቀደ።

የናሙና ፎልደር አዘጋጅቼ ነበር፤ የውሸት ስም ያለባቸው ማመልከቻዎች። ኤጀንቱ የመጀመሪያውን አነሣና ቆመ። «ይህ ፋይል የማን ነው? ባለቤቱ ፈቅዷል?» ብሎ ጻፈ። ስንመልስለት ላከ። ሁለተኛውን አነሣ፣ ደግሞ ቆመ።

ጋሽ ፈቀደ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡ። «ይሄማ የእኔ ልጅ ነው! ምሳ የማይበላ ልጅ አገኘሁ!»

ሚራክል አልሳቀችም። «መድረክ ላይ የሚሰጡኝ ጥቂት ደቂቃ ነው። እንዲህ እየቆመ ሊያዋርደኝ ነው?»

«መጠየቅ አለበት» አልኩ። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት።

«እሺ፣ እሺ። ይጠይቅ።»

ስትሄድ ፍላሽ ሰካች፣ ናሙናዎቹን ልትወስድ። የትኛው ፎልደር እንደሆነ አሳየኋት። ደንበኛ ሲመጣ ወንበሩን ለቀቅሁላት።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

አንደኛ ወጣች!

እኔ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። ሚራክል ነጭ ጃኬት ለብሳ ወጣች፣ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «የአንድ ኮፒ ቤት ሥራ በዓይናችሁ እዩ» አለች። ኤጀንቱ ሮጠ። ሊንኮቹ ስክሪኑ ላይ ተከታትለው ወረዱ። አልቆመም። ሰዉ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ሊንኮቹን በውድድሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለሁሉም ለቀቀቻቸው፣ «ራሳችሁ ከፍታችሁ ሞክሩ» ብላ።

ስታቅፈኝ ልቧ ሲመታ ተሰማኝ። «ያላንቺ አልችልም ነበር» አለችኝ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ግን ለምን አልጠየቀም? መልሱን ቀድማ ሰጥታው ይሆናል። ናሙናዎቹም ጥቂት ነበሩ፣ ስክሪኑ ላይ ግን ብዙ ወረደ... ወይስ መሰለኝ? ደክሞኝ ይሆናል።

ሰኞ፣ ጥር 18

ዛሬን ባልጽፈው እወድ ነበር።

እትዬ ብዙወርቅ መጡ። ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር፣ እስኪወጣ አልጠበቁም። በሩ ላይ ቆመው ስልካቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ማመልከቻው ነው። የእኔው አጻጻፍ፣ የእኔው አራት ነጥብ።

«ገና ሳላስገባው ፈረቃው በሙሉ አንብቦታል። አንዱ የእኛ ሠራተኛ ወንድሙ ከውድድር አምጥቶ ሰጠው። ኃላፊውም አንብቦታል። ቢሮው ጠርቶ እየሳቀ አነበበልኝ።»

ጋሽ ፈቀደ ተነሡ። «ምንድን ነው ነገሩ?»

«እዚህ ያስቀመጥኩት ነው፣ ጋሽ ፈቀደ። እሷ ጋ።»

«ልዕልት?»

አፌ ተከፈተ። ምንም አልወጣም።

«የእነዚያ ሴቶች ስም አለበት እኮ ልጄ።» አልጮኹም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። «አንዷማ ባሏ እንኳን አያውቅም ነበር።»

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ገጹን ከፈትኩት። ስሜ ከላይ አለ። ወረድኩ። «ስሙን አትቀይር» ይላል። ቀጥሎ «ሊንኩን መልስ»። መሃል የነበረችው መስመር የለችም። የስልኬ ጥፋት ይሆናል ብዬ ዘግቼ ከፈትኩ። የለችም።

ሚራክል ጋ ደወልኩ። እኔ ቀድሜ ሰው ጋ ደውዬ አላውቅም።

«የመጠየቂያዋን መስመር አንቺ ነሽ ያጠፋሻት?»

«እ... አዎ፣ ለመድረኩ ብዬ። ልመልሳት ነበር፣ ረሳሁ። አንድ መስመር ናት እኮ ልዕሌ!»

«ፋይሎቹስ?»

«ያንቺ ናሙናዎች ለሚያይ ሰው ምን አላቸው? ያንን ሌላውን ፎልደር ጨመርኩበት። ያልተወሰዱ ሲል የተጣለ ነገር መሰለኝ።»

«የሰው ነው። አደራ ነው።»

«ማን ከፍቶ ያነበዋል ብዬ ላስብ? ደግሞ ትናንት ሊንኮቹን አጥፍቼያቸዋለሁ። በቃ፣ አለቀ።»

አለቀ? ሰው ስልክ ውስጥ የገባውስ? ሰው ጭንቅላት ውስጥ የገባውስ?

«ስሜ አለበት» አልኳት።

ከዚያ፣ «አንቺ አይደለሽ እንዴ የጻፍሽው?» አለች።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ጋሽ ፈቀደ ሱቁ ሳይከፈት ጠሩኝ።

«የአክስትሽ ልጅ ማታ ደውላልኝ ነበር። ማሽኑን የሚያዝዘውን መመሪያ የጻፈችው ልዕልት ናት አለችኝ። እውነት ነው?»

«አዎ።»

እውነት ስለሆነ አዎ አልኩ። ቀጥሎ «ግን» የሚባል ነገር ነበረኝ። ግን ብዬ ሳልጀምር እንባዬ ቀደመኝ።

«አልተቆጣሁሽም» አሉ። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ አልነበረም። «ሰው ወረቀቱን ይዞ በሬ ላይ ደርሶ እየተመለሰ ነው። ነገሩ እስኪበርድ እቤት ሁኚ።»

ቁልፉን ሰጠኋቸው።

ቀድማ ደወለች። እኔ ምን ብዬ እንደምጀምር ገና ሳስብ፣ እሷ ደውላ ጨርሳለች።

ሐሙስ፣ ጥር 21

አክስቴ መጣች። ከእማዬ ጋ ሲያወሩ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

«ልጄ ሥልጠና ልትገባ ነው። ምቀኛው በዝቷል፣ ቀዳዳ ነው የሚፈልጉት» አለች አክስቴ።

«የኔዋስ?» አለች እማዬ። ቀስ ብላ።

«ልዕልት እንደሆነ ኮፒ ነው ሥራዋ። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ። ደግሞ እሷ ልጅ ናት፣ ማን ይከስሳታል?»

እማዬ ዝም አለች። እማዬም እንደ እኔ ናት። አክስቴ ከሄደች በኋላ ፀጉሬን እየዳሰሰች «ደም ነው ልጄ፣ ቻይው» አለችኝ።

እትዬ ብዙወርቅስ ደም የላቸውም? አላልኳትም።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ሚራክል ኬክ ይዛ መጣች። ኬክ!

«አኮረፍሽኝ? ነይ እስቲ፣ ፊትሽን አዙሪ። መስመሯን መልሼ ጽፌያታለሁ እኮ፣ ግቢና እዪ።»

አየሁ። አለች፣ በቦታዋ። እንዳልጠፋች ሆና።

«ሰኞ ለሥልጠናው ያናግሩኛል። ኮፒ ቤቱ ጋ ምን ተፈጠረ ሊሉ ይችላሉ። በስህተት ፋይል ተደባልቆ ነው እላለሁ። አንቺም እንደዚያው በይ፣ ማንም ከጠየቀሽ። ሰው አልሞተ!»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኬክ እያየሁ ነበር።

«ዝም ካልሽ እሺ ማለትሽ ነው አይደል?» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ሄደች።

ትምህርት ቤትም እንዲህ ነበር። መምህር ሲጠይቀኝ ከኔ ቀድማ ትነሣና «ልዕልት እንዲህ ማለቷ ነው» ትል ነበር። ልትረዳኝ ይመስለኝ ነበር። እወዳት ነበር በዚህ። አንድ ጊዜ እንኳን ልል ያሰብኩትን ብላ ታውቃለች? አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው... አላውቅም።

እኔ ዝም ስል ሁሉም የሚፈልገውን ይሰማል። አንዱ ታማኝ ናት ይላል። አንዱ ጥፋተኛ ናት ይላል። እሷ እሺ አለች ትላለች።

እሺ አላልኩም።

ሰኞ፣ ጥር 25

እቤት። ኬኩን ማንም አልነካውም፣ ጉንዳን ወረረው።

ረቡዕ፣ ጥር 27

እማዬ ከገበያ ወሬ ይዛ መጣች። ኃላፊው እትዬ ብዙወርቅን ከስሷቸዋል። ስሜን በኢንተርኔት አጠፋች ብሎ። ነገ የፋብሪካው ኮሚቴ ፊት ይቀርባሉ። ሊያባርሯቸው ነው ይባላል።

ሳላስብ ተነሣሁ። ባስብ ኖሮ እቀመጥ ነበር።

እትዬ ብዙወርቅ ግቢያቸው ውስጥ ልብስ እያሰጡ ነበር። አላባረሩኝም። ግቢም አላሉኝም። ከገመዱ ወዲህ ማዶ ቆምኩና ተናገርኩ። ከመሃል ነው የጀመርኩት፣ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ፣ ተደነቃቀፍኩ። መስመር ጽፌ እንደነበር። እንደጠፋች። ፎልደሩ ሳላውቅ እንደተወሰደ። በማን እንደተወሰደ። እርጥብ አንሶላ እጃቸው ላይ እንደያዙ ሰሙኝ።

«እኔ አልበተንኩትም ብል ማን ያምነኛል?» አሉ። «ምስክር አለሽ ወይ ብለውኛል። ስልክ መክፈት እንኳን ልጄ ናት ያስተማረችኝ።»

«እኔ እናገራለሁ።»

አዩኝ። «አንቺ? አንቺ እኮ ሂሳብ ሲጠይቁሽ በጣትሽ ነው የምታሳዪው!»

ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸውም ትንሽ ፈገግ አሉ፣ ወዲያው ተውት።

«የአክስትሽ ልጅ ናት። ቤተሰብሽ ምን ይላል?»

«አላውቅም። እናገራለሁ።»

አንሶላውን አሰጡት። ጫፍና ጫፉን ጎተት ጎተት አድርገው አስተካከሉት፣ ለረጅም ጊዜ። «ማመልከቻውንም አስገባዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ከእንግዲህ ምን ልደብቅ? ሁለቱ እንፈርማለን ብለዋል። ባለትዳሯ ግን ስሜን አውጡልኝ ብላለች።»

ደረጃው ላይ ተቀምጬ በእጄ እንደገና ጻፍኩላቸው። የእሷ ስም የለበትም። አነበብኩላቸው፣ ድምፅ አውጥቼ።

ስመለስ ሚራክል ጋ ደወልኩ። ከጀርባዋ ላደርገው አልፈለግሁም።

«ነገ ስምሽን እናገራለሁ» አልኳት።

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ፣ «ልዕሌ? ቀልድ ነው?» ከዚያ፣ «ሥልጠናዬን ልታስቀሪብኝ? እኔ ምን አድርጌሻለሁ?»

ምን አድርጌሻለሁ አለች። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ይቅር በይኝ ትላለች ብዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ጠበቅሁ። «ማንም አያምንሽም» አለችና ዘጋችው።

ነገ ጠዋት ለእማዬ በር ላይ እነግራታለሁ፣ ጫማዬን ካሰርኩ በኋላ፣ እንዳታስቀረኝ። ከእትዬ ብዙወርቅ ጋር ፋብሪካው እገባለሁ። ማን ነሽ ሲሉኝ ስሜን ከነአባቴ እናገራለሁ። መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ እላለሁ። መስመሯን ያጠፋችው፣ ፎልደሩን የወሰደችው ሚራክል ናት፣ የአክስቴ ልጅ ናት እላለሁ። ድምፄ እምቢ ካለኝ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። እስኪወጣ ድረስ አልቀመጥም።